ከጥያቄው በፊት ያሉት ቀናት፦ በአሜሪካ ሆስፒታል ስለ አካል ልገሳ ያየሁት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ሥራዬን የሚያውቁ ያገሬ ልጆች ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። "መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አካል ለጋሽ ነኝ ብዬ ብፈርም፣ አደጋ ቢደርስብኝ ሐኪሞቹ ቶሎ ይተዉኛል አይደል?" ይሉኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ሆስፒታል ውስጥ ዘመዱ እንደ ዕቃ ሲገላበጥ ያየ ሰው እንዲህ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይህን የምጽፈው አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጡ ቤተሰቦች ነው። ለሥራ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። በዚህ ከተማ ሆስፒታሎች ውስጥ ነርስ፣ የነርስ ረዳት፣ አስተርጓሚ፣ የጽዳት ሠራተኛ ሆነን የምንሠራ አበሾች ብዙ ነን። ቤተሰብ የሐኪሙን ንግግር ቢረሳ የእኛን ፊት አይረሳም። ስለማወራቸው ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። የተነገረውንና የተደረገውን ግን እንዳለ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ለዚያ ጥያቄ መልስ ልስጥ። በሽተኛ ሲመጣ የሚያክሙት ሐኪሞች ከንቅለ ተከላው ቡድን ጋር አይገናኙም። በአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የአካል ስጦታ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት በሽተኛውን ሲያክም የነበረው ወይም ሞቱን ያረጋገጠው ሐኪም አካሉን በማውጣቱም ሆነ በመትከሉ ሥራ ላይ እጁን ማስገባት አይችልም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደም የሚያቆመው ሰው መንጃ ፈቃድህ ላይ ምን እንዳለ የሚያይበት ጊዜም፣ ምክንያትም የለውም። የለጋሾች መዝገብ የሚከፈተውም ሰው ሊሞት ሲቃረብ ወይም ከሞተ በኋላ ነው። የሚያየው ደግሞ ሆስፒታሉ ሳይሆን የአካል ልገሳን የሚያስተባብረው፣ ከሆስፒታሉ የተለየ ድርጅት ነው።

ቤተሰብን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ግን አለ። ቀድሞ ቢታወቅ ጥሩ ነው። በሽተኛው ገና ሳይሞት እኛ ነርሶች ወደዚህ ድርጅት ስልክ እንደውላለን። ከ1998 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የፌዴራል ደንብ እያንዳንዱ ሆስፒታል ማንኛውንም ሞትና የቀረበ ሞት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የዘጠና ዓመት ሽማግሌም ይሁኑ፣ በካንሰር የተጎዳ ሰውም ይሁን፣ ይደወላል። አካል ለመስጠት የማይሆኑትም ስማቸው ይነገራል። ምርጫው የእኛ እንዳይሆን ነው ይህ የተደረገው። ከዚህ ስልክ በኋላ ሕክምናው አይቀንስም። እንዲያውም በዚያ ሰዓት የምሠራው ሥራ ይበዛል እንጂ አያንስም።

አሁን ወደ አንድ ቤተሰብ ልሂድ።

ሰውየው በአርባዎቹ ውስጥ ነበር። ሥራ ላይ እያለ ራሴን ብሎ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ በመተንፈሻ መሣሪያ ነበር የሚተነፍሰው። ሚስቱ፣ ታላቅ ወንድሙና ጓደኞቹ መጡ። ወንድምየው ለብዙ ዓመት እዚህ የኖረ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ ሰው ነው። ሚስትየዋ ከአገር ቤት ከመጣች ብዙም አልቆየችም። ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ትጸልያለች።

ሐኪሙ ሲገባ የሚያወራው ከወንድምየው ጋር ነበር። ለሱ ቀላል ነው፤ አስተርጓሚ መጥራት አያስፈልገውም። በኛም ወግ ታላቅ ወንድም ነው የሚናገረውና ማንም ቅር ያለው አይመስልም። ግን በሕጉ ሟቹ ራሱ ካልወሰነና ወኪል ካልሾመ ከሁሉ በፊት የምትጠየቀው ሚስት ናት። ከዚያ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ ነው እህትና ወንድም የሚመጣው። ስለዚህ ያ ሐኪም ለቀናት የሚያወራው መወሰን ከማይችለው ሰው ጋር ነበር። የምትወስነዋ ሴት ባሏ ምን እንደሆነ የምትሰማው ከወንድምየው አፍ፣ ያውም እየተለሳለሰ ነበር። "ትንሽ ደከም ብሎታል፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ይላታል። ወንድምየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለሴት ልጅ ክፉ ወሬ ቆመው የሚነግሩበት ቤት ውስጥ አላደገም።

ሐኪሙ አንድ ቀን እኔን አየና "አንቺ ቋንቋቸውን ትችያለሽ፣ እስቲ ንገሪልኝ" አለ። አይሆንም አልኩት። የሠለጠነና የተፈተነ የሕክምና አስተርጓሚ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በግማሽ ዕውቀት የሚነገር አይደለም። ሚስትየዋ ተቀየመችኝ። "እህቴ፣ አንቺ እያለሽ በቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሰው ያናግረኛል?" አለችኝ። አስተርጓሚው በቪዲዮ ነበር የሚቀርበው። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ እቆያለሁ፣ ግን ቃሉን የሚያመጣው እሱ ይሁን አልኳት። ተስማማች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙ ወደሷ ዞሮ አወራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች።

ይህን እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቱ መሞቱን ለእናቱ ሲተረጉም ሰምቻለሁ፤ ያንን ልጅ ዛሬም አስበዋለሁ።

ከዚያ የከፋው ነገር መጣ። በሽተኛው እየባሰበት ሄደ። ከምርመራው በፊት በነበረው ማታ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ኮሪደር ላይ፣ ቆሞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ለወንድምየው እንዲህ አለው። "ነገ የአንጎል ምርመራውን እናደርጋለን፤ ከዚያ ስለ ልገሳ ማሰብ ትችላላችሁ።" በቃ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ቀን የተሠራውን ሥራ አፈረሰችው። ወንድምየው ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ተለውጧል። "ለካ ስትጠብቁ የነበረው ይህን ነው" አለኝ። ለሚስቱ ሲነግራት ጮኸች። ከዚያ በኋላ መድኃኒት በቀየርኩ ቁጥር ምን እንደሆነ ይጠይቁኝ ጀመር።

የፌዴራል ደንቡ እኮ ይህን ነው የሚከለክለው። ስለ ልገሳ ቤተሰብን የሚጠይቀው የድርጅቱ ሰው ወይም ለዚሁ ተብሎ ሥልጠና የወሰደ ሰው ብቻ ነው። የቤተሰቡን ሁኔታ፣ አመለካከትና እምነት አክብሮ መሆን እንዳለበትም ተጽፏል። በሙያችንም የታወቀ ነገር ነው፤ የሞት ዜናና የልገሳ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ አይነገሩም። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሰውየው መሞቱን ይረዳ። ያልቅስ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ክፍል ያንሳው። እኔም ብሆን አላነሳም። ቤተሰቡ ራሱ ከጠየቀኝ "ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ላገናኛችሁ" እላለሁ።

መሞቱን መረዳት ያልኩት ቀላል ነገር አይደለም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እጁ ይሞቃል። ልቡ ስክሪኑ ላይ ይመታል። እኛ ደግሞ ነፍስ ወጣች የምንለው ትንፋሽ ሲቋረጥ ነው። "ልቡ እየመታ እንዴት ሞተ ትሉናላችሁ?" ያልጠየቀኝ ያገሬ ሰው የለም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም ትዕግሥት ይፈልጋል። ልብ የራሱ የመምቻ ኃይል አለው፤ ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ አንጎል ባይኖርም ለተወሰነ ጊዜ ይመታል። ትንፋሽ ግን ከአንጎል ግንድ (ከአንጎል የታችኛው ክፍል) ነው የሚታዘዘው። አንጎሉ ከሞተ ሳምባው አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ አይስብም። ደረቱን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያው ነው። ወንድምየው ይህን ሲነግሩት ጭንቅላቱን ነቀነቀ እንጂ አላመነም።

ያመነው ሲያይ ነው። በማግሥቱ ሌላ ሐኪም መጣች፣ አንጋፋ ናት። ሁለቱንም፣ ሚስቱንም ወንድሙንም፣ ከአስተርጓሚ ጋር አስቀምጣ ምን እንደምታደርግ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ከዚያ "ማየት ትፈልጋላችሁ?" አለች። ሚስትየዋ አልቻለችም። ወንድምየው እሺ አለ። ምርመራው እንዲህ ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከሰውነቱ መውጣቱና የሰውነቱ ሙቀት ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። ዓይኑ ላይ ብርሃን ይበራል፣ የዓይኑ ብሌን ይነካል፣ ጆሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይገባል፣ ጉሮሮው ይነካካል። ሕይወት ያለው የአንጎል ግንድ ለነዚህ ዝም አይልም። በመጨረሻ መሣሪያው ይነቀልና ኦክሲጅን ብቻ እየተሰጠው ደረቱ ይታያል። ለደቂቃዎች ይቆያል። በደሙ ውስጥ የተቃጠለው አየር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በሕይወት ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ "ተንፍስ" የሚል ትእዛዝ የለም። ደረቱ አልተንቀሳቀሰም። ወንድምየው አልጋው ግርጌ ቆሞ አየ። ሐኪሟ አልቸኮለችም፤ ጨርሳ እጁን ይዛው "አዝናለሁ፣ ወንድምህ ሞቷል" አለችው። ስለ ልገሳ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከክፍሉ የወጣችው አልቅሶ ሲጨርስ ነው።

በነገራችን ላይ ምርመራውን ማየት የማንም ልዩ መብት አይደለም። ዘመዳችሁ በአንጎል ሞት ሞቷል ከተባለ "ሲመረመር ማየት እፈልጋለሁ" ማለት ትችላላችሁ። አብዛኛው ሐኪም እሺ ይላል። እምቢ የሚል ካለ ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ።

ሠራተኞቹ ያልገባቸው ሌላም ነገር ነበር። ወንድምየው በዚያው ቀን አዲስ አበባ ካሉት እናቱ ጋር በስልክ "ደህና ነው እማዬ፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ጸልዩለት" ሲል ሰሙት። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ ተጨንቃ መጣች፤ ሞቱን አልተቀበለም፣ እንዲህ ሆኖ ምንም ነገር ሊፈቅድ አይችልም አለችኝ። አይደለም አልኳት። ተቀብሏል። ለእናቱ ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ተጠራርተው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ በማለዳ ሄደው ነው የሚያረዷቸው። ካልሆነ እናትየው ብቻቸውን ወድቀው ይቀራሉ። ሴትዮዋ ጸጥ ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ምን እናድርግላቸው?" አለች። ጊዜ ስጧቸው፣ አንድ ክፍል ስጧቸው፣ ሰው ሲበዛ አታባርሯቸው አልኳት። ሰጧቸው። የጎብኚ ቁጥር ገደቡ ተነሣ። ያ ለቤተሰቡ ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ አስተባባሪ መጣች። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው በሽተኛው አልጋ አጠገብ መሄድ ነው። ስሙን ከእኔ ጠይቃ በትክክል ለመጥራት ተለማመደችው። ከዚያ "ባለቤቱ ማናት?" አለች። ወንበር ስባ ከሷ ፊት ለፊት፣ ከሷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አስተርጓሚው ቀረበ። "ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ሚስትየዋ ብዙ አወራች። ስለ ሰርጋቸው አወራች። ደሞዙን ቆርሶ ስለሚያስተምራቸው የአክስቱ ልጆች አወራች። አስተባባሪዋ አላቋረጠቻትም። ረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ ነው ነገሩን ያነሳችው። ሟቹ በመዝገብ እንዳልተመዘገበ፣ ስለዚህ ውሳኔው የሷ እንደሆነ፣ የትኛውም መልስ ትክክለኛ መልስ እንደሆነ ነገረቻት።

ወዲያው እሺ አላለችም። የጠየቀቻቸውን ጥያቄዎች ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምንጠይቃቸው ናቸው።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይሄዳል ወይ? ይሄዳል። አካሉ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ክፍል፣ እንደማንኛውም ቀዶ ጥገና ነው፤ ተሰፍቶ ይመለሳል። በልብስ ሲሸፈን አይታይም። ፊቱን ገልጦ መሰናበት ይቻላል። በአውሮፕላን ለሚሄድ አስከሬን የሚደረገው ዝግጅት እንደተለመደው ይደረጋል። ስንት ቀን ይፈጃል? ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን፤ ተቀባይ መፈለግና ምርመራ ስላለ ነው። ቀብሩን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ረጅም ነው፤ ከልገሳው ጋር የተያያዘ ትልቁ ሸክም ይህ መጠበቅ ይመስለኛል፣ ቀድሞ መነገር አለበት። ገንዘብ አለው ወይ? የለውም። በአሜሪካ ከ1984 ጀምሮ አካል መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው። ለልገሳው ሥራ ቤተሰቡ አይከፍልም። ከሞቱ በፊት የነበረው የሕክምና ሒሳብ ግን እንደ ወትሮው ይመጣል። ያንን ልገሳው አይሰርዘውም፣ አያስጨምረውም። ለማን ይሰጣል? በደም ዓይነት፣ በአካል መጠን፣ በሕመም ክብደትና በመሳሰለው በአገር አቀፍ ዝርዝር ይደለደላል። ልብና ሳምባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መተከል ስላለባቸው ቅርብ ያለ ሰው ያገኛቸዋል። ኩላሊት ከአንድ ቀን በላይ መቆየት ስለሚችል ራቅ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ሃይማኖቱን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ጠሩ። ቄሱ መጥተው ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ከሚስቱ ጋር ለብቻቸው ተቀመጡ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ መስማትም አልነበረብኝም። ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ሰዓት ሰጧቸው። ለሙስሊም ቤተሰብም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚያውቁት አይመስለኝም እንጂ የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ በ1988 በወሰነው ውሳኔ ልገሳን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ያም ሆኖ ሰው የሚያምነውን ሼኽ አጠገቡ ማግኘት አለበት፤ ከነርስ አፍ ፈትዋ አይሰማም።

በማግሥቱ ጠዋት መለሰች። ኩላሊቱንና ጉበቱን እሺ አለች። "ልቡን አይሆንም። ዓይኑንም ተዉልኝ" አለች። አስተባባሪዋ ለምን አላለችም። ልብ ሰው ያድናል ብላ አልጎተጎተችም። የተባለችውን ጻፈች፣ አንብባ አረጋገጠች፣ አመሰገነች። ፈቃድ ማለት ይህ ነው ለኔ። ሰው የቻለውን ይሰጣል፣ ያልቻለውን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት። እኔ ሰውነቱን ሳጥብ ገባችና እንዲህ አለችኝ። "ፊቱን ስታጥቢው በስሙ እየጠራሽ ታወሪው ነበር። ያቺ ፈረንጇ ነርስም እንደዛ ታደርጋለች። እንደ ሰው ያዛችሁት። ያ ሰውዬ ኮሪደር ላይ የተናገረውን ብቻ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ጣቱን አልሰጣችሁም ነበር።"

ለባልደረቦቼ የምለው እንግዲህ ይህን ነው። ጥሩ ጠያቂ ማምጣት ብቻውን አይበቃም። አልጋውን የምትቀይረው ረዳት፣ በሩን አንኳኩታ የምትገባው ጽዳት፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ያነሣው ጸሐፊ፣ ሁሉም በዚያ ፈቃድ ውስጥ አሉበት። ቤተሰብ አጠገብ ስለ ምሳ ማውራት፣ በሽተኛውን በአልጋ ቁጥር መጥራት፣ ከሞተ በኋላ ሰውነቱን በችኮላ ማገላበጥ ይታያል፤ ይመዘገባል። መስጠት አለመስጠቱን ለጊዜው እንተወው። ቤተሰቡ ይህን ትዝታ ይዞ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው።

እምቢ ያሉትንም ልንገራችሁ። በሌላ ጊዜ ወጣት ልጃቸው የሞተችባቸው እናትና አባት ነበሩ። አይሆንም አሉ። ልጃችን እንደተፈጠረች ትቀበር አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንዳንድ ባልደረቦቼ ቀዘቀዙባቸው። ክፍሉ ውስጥ የሚገባ ሰው ቀነሰ። እናትየው ውኃ ለመጠየቅ ኮሪደር ድረስ መጡ። በጣም አዘንኩ። በዚያው ፈረቃ ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ በስብሰባም ላይ ተነሣ። "እሺ" ብቻ የሚከበርበት ቦታ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። እነዚያ ወላጆች ምንም የበደሉት ነገር የለም። ሀዘናቸውም ከሌላው አያንስም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ዜናውን የሰሙ ሰዎች ሲጠይቁኝ ከረሙ። በ2021 ኬንታኪ ግዛት ውስጥ አካሉ ሊወሰድ ወደ ቀዶ ጥገና የገባ ሰው የመንቃት ምልክት አሳይቶ ሥራው እንዲቆም ተደርጓል፤ ሰውየው ተረፈ። የፌዴራል መንግሥት በዚያ አካባቢ የልገሳ ድርጅት ላይ ባደረገው ምርመራ ፈቃድ ተሰጥቶባቸው ሳይፈጸሙ ከቀሩ 351 ጉዳዮች ውስጥ 103ቱ አሳሳቢ ነገር እንደታየባቸው በሐምሌ 2025 አስታውቋል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የተደበቀ ነገር ነው ጥርጣሬ የሚወልደው። ግን አንድ ልዩነት እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የኬንታኪው ሰው የአንጎል ሞት የተረጋገጠበት አልነበረም። ሁለተኛ ዓይነት ልገሳ አለ፤ በሽተኛው አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቶ፣ አይድንም ተብሎ፣ ቤተሰቡ መሣሪያው ይነሣ ብሎ ሲወስን የሚደረግ ነው። መሣሪያው ይነሣል፣ ልብ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ቆሞ ለደቂቃዎች እንዳልተመለሰ ከታየ በኋላ ነው ሞት የሚታወጀው። ልቡ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልቆመ ልገሳው ይቀርና ሰውየው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጥንቃቄ በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስትጠየቁ "የትኛው ዓይነት ነው?" በሉ። የአንጎል ሞት ከሆነ ምርመራው ማለቁን ጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ የመዳን ተስፋ የለም ያለው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደመረመረው ጠይቁ፤ ሌላ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅም መብታችሁ ነው። ፈቃዱን የሰጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ሐሳባችሁን መለወጥ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ቅር ካላችሁ፣ እጁን ሲያንቀሳቅስ ካያችሁ፣ ለነርሷ ወዲያው ንገሩ። ነርሷም ካየች አቁሙ ማለት አለባት። እኔ ብሆን እላለሁ።

ይህ ሁሉ ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነው ከአገር ቤት ልምዱን ይዘን ስላልመጣን ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2015 ነው፤ ሰጪዎቹም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ከሞተ ሰው የሚወሰደው የዓይን ብሌን ነው፤ የዓይን ባንኩ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣች እናት የልጇን ኩላሊት ሲጠይቋት የምታነጻጽርበት ነገር የላትም። እዚህ ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ወረፋ ይዟል፤ አብዛኛው የሚጠብቀው ኩላሊት ነው። ከነሱ ውስጥ የኛ ሰዎች አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ሰዓታት ተቀምጠው ከዚያ ታክሲ ለመንዳት የሚሄዱ አውቃለሁ። የሚጠብቁት የሌላ ቤተሰብን እሺታ ነው።

የዚያን ሰውዬ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገና ስንወስድ ሠራተኞቹ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ሞልተው ቆሙ። ብዙ ሆስፒታሎች አሁን ይህን ያደርጋሉ። ወንድምየው ጓደኞቹን ይዞ ከኋላ ሄደ፤ እንደ ሽኝት ነበር። ያ ወጣት ሐኪምም ከቆሙት ውስጥ ነበር። በኋላ ወደ ወንድምየው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ወንድምየው ትከሻውን ያዝ አደረገው።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ ከድርጅቱ መጣላቸው። የሰዎቹ ስም አይነገርም፤ ሁለቱም ወገን ካልፈቀዱ በቀር መተዋወቅ የለም። ሚስትየዋ ደውላ ነገረችኝ። መልስ መጻፍ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ "አሁን አልችልም፣ ዓመቱ ይውጣ" አለች። መቼም ይሁን ይቀበሏታል፤ ቀነ ገደብ የለውም።

እናንተ ዛሬ ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ ጥያቄው ይቀርብላችኋል። እሺ ካላችሁ ያ ፊርማ በሕግ የጸና ነው፤ ስትሞቱ ቤተሰባችሁ ሊሽረው አይችልም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በራሳችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ። አይ ካላችሁም ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ያለዚያ ጥያቄው በዚያች ሌሊት እነሱ ላይ ይወድቃል። የጤና ውሳኔ ወኪላችሁን በጽሑፍ ሹሙ፣ በተለይ ሚስትና ወንድም ሊጋጩ ይችላሉ ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ። እዚህ አሜሪካ የምትኖሩት ሌላ ግዛት ውስጥ ከሆነ ደንቡ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ መንጃ ፈቃድ የምታወጡበት ቢሮ ያለውን ጠይቁ። ሆስፒታል ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትሉት ይህን ይሁን፦ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ውሳኔውን የምወስነው እኔ ነኝ፣ ለእኔ ንገሩኝ።"